ያልኖርኩት ልጅነት፦ ስለ ፋይናል ፋንታሲ 9 እና ስለ ተጫዋቾቹ

ፋይናል ፋንታሲ 9፣ የአንድ የጃፓን ቪዲዮ ጌም ተከታታይ 9ኛ ክፍል፣ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ጁላይ 7 ቀን 2000 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እዚያው አገር ገበያ ላይ ከዋለ አራት ወር አልፎት ስለነበር የተጫዋቹ ዓይን ወደ አዲሱ መሣሪያ ዞሯል። ይህ ጨዋታ ግን ለአሮጌው ፕሌይስቴሽን ተሠርቶ፣ በአራት ሲዲ ተከፋፍሎ መጣ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረው በመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ከእሱ በፊት የወጡት ሁለቱ ክፍሎች፣ የ1997ቱ 7ኛውና የ1999ኙ 8ኛው፣ ተከታታዩን ወደ ፋብሪካ ጭስ፣ ወደ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ወታደራዊ ትምህርት ቤትና ቁመናቸው ለእውነተኛ ሰው ወደ ቀረበ ገጸ ባሕርያት ወስደውት ነበር። 9ኛው ግን ቤተ መንግሥትና ልዕልት፣ ጥሩር የለበሰ ዘብና ሹል ኮፍያ ያጠለቀ ትንሽ አስማተኛ ይዞ፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ እግራቸው አጫጭር የሆኑ ሰዎችን አሰልፎ ብቅ አለ።

ይህ መመለስ ታስቦበት የተደረገ ነው። ሂሮኖቡ ሳካጉቺ በ1987 ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የቤት ጌም መሣሪያ የወጣውን የመጀመሪያውን ፋይናል ፋንታሲ የፈጠሩ ሰው ናቸው፤ 9ኛውንም በፕሮዲዩሰርነት መርተውታል፣ ታሪኩንም ጽፈዋል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሂሮዩኪ ኢቶ ነበሩ። በ7ኛውና በ8ኛው ወደ ሦስት ዝቅ ብሎ የነበረው የተዋጊዎች ቁጥር ወደ አራት ተመለሰ። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ እንደ ጥንቱ የራሱ የሆነ፣ ለሌላ የማይሰጥ ሙያ ተሰጠው፤ ሌባው ይሰርቃል፣ አስማተኛው እሳትና በረዶ ይጠራል፣ ጦር ወርዋሪዋ ወደ ሰማይ ዘላ በጠላት ላይ ትወርዳለች። የጥንቶቹ ክፍሎች ታሪክ ያጠነጠነበት ክሪስታልም ወደ ታሪኩ መሐል ተመልሶ ገባ። የሙዚቃ ደራሲው ኖቡኦ ኡኤማትሱ ለዚህ ዓለም የሚስማማ ዜማ ፍለጋ ወደ አውሮፓ ተጉዘው አሮጌ ግንቦችን ጎብኝተዋል፤ ጨዋታው ሲከፈት የሚሰማው የዋሽንት ዜማ ከዚያው መንፈስ የወጣ ነው። ሳካጉቺ ራሳቸው ከተከታታዩ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን እንደሆነ፣ ፋይናል ፋንታሲ ሊሆን ይገባዋል ብለው ለሚያስቡትም የሚቀርበው እሱ እንደሆነ ተናግረዋል።

እንግዲህ ጨዋታው የተሠራው ለአንድ ለታወቀ ሰው ነው ማለት ይቻላል፦ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ፋሚኮም ወይም ሱፐር ፋሚኮም ለነበረው፣ ያንን ዘመን ለሚናፍቅ ወጣት ጃፓናዊ። እኔ ያ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚያስከፍሉ፣ ከሞላ ጎደል ኳስ ብቻ የሚካሄድባቸው ነበሩ። አርባ ሰዓት የሚወስድ፣ ገጽ በገጽ እንግሊዝኛ የሚያስነብብ፣ የደረሱበትን ከሚያስቀምጥ ሚሞሪ ካርድ ውጭ የማይዘለቅ ጨዋታ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው ባለበት ቤት ቦታ ሊኖረው አይችልም። ፋይናል ፋንታሲ 9ን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ በ2016 ለስልክ ከወጣ በኋላ፣ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ በራሱ ካርድ ከፍሎልኝ ነው። ያኔ ያነበብኳቸው አስተያየቶች በሙሉ ማለት ይቻላል «ልጅነቴን አስታወሰኝ» የሚሉ ነበሩ። እኔ የማስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ጨዋታውን ስጨርስ ከእነዚያ ሰዎች ባላነሰ ልቤ ተነክቶ ነበር። የሌሎች ሰዎች ትዝታ ላይ የተገነባ ሥራ ያንን ትዝታ ያልተካፈለን ሰው እንዴት ሊይዝ እንደቻለ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳስብበት ቆይቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ ልጫወተው ብሎ ያሰበ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው።

ለነባር ተጫዋቾች የተተወው ስጦታ ብዙ ነው። ጋርላንድ የሚለው ስም የ1987ቱ ጨዋታ የመጀመሪያ ትልቅ ጠላት ስም ነው። የጉሉግ እሳተ ገሞራም ከዚያው የመጣ ነው፤ በመጨረሻው ጉዞ ላይ የሚገጥሙት አራት ጭራቆች የዚያ ጨዋታ አራቱ የተፈጥሮ ኃይላት ጌቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ በእኔ ዓይን ፊት ሳላውቃቸው አለፉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የራሙህ ታሪክ ነው። ልዕልት ጋርኔት ራሙህ የተባለውን የመብረቅ መንፈስ ከጎኗ ለማሰለፍ አለታማ ስፍራ ውስጥ ተበታትነው የተቀመጡ የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮችን ሰብስባ በቅደም ተከተል እንድታቀርብለት ይጠይቃታል። ታሪኩ ከጓደኞቹ ጋር ወደ በረዶ አገር ሄዶ፣ በከሃዲ ወጥመድ ተይዞ ሕይወቱን ስለ ሌሎች ስለ ሰጠ ዮሴፍ የሚባል ሰው ነው። የታሪኩን መደምደሚያ የሚመርጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ አንደኛው መደምደሚያ ሰውየውን ጀግና ያደርገዋል፣ ሌላኛው ደግሞ ሰው መሆኑን ያስታውሳል። ራሙህ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የሚፈልገው ተጫዋቹ የመረጠበትን ምክንያት እንዲያስብ ብቻ ነው። ይህ ታሪክ በ1988 የወጣው የፋይናል ፋንታሲ 2 ክፍል መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ነባሩ ተጫዋች ዮሴፍን ያስታውሰዋል፤ አዲሱ ተጫዋች ደግሞ የማያውቀውን የሞተ ሰው ታሪክ ሰብስቦ ትርጉም እንዲሰጠው ይጠየቃል። ጨዋታው ለሁለቱም አንድ ሥራ ነው የሰጣቸው፤ ሁለቱም አንድ ሙት እንዴት መታወስ እንዳለበት እንዲወስኑ አደራ ተቀብለዋል።

የጨዋታው ልብ ግን ያለው ቪቪ ዘንድ ነው። ቪቪ ፊቱ በጨለማ የተሸፈነ፣ ቢጫ ዓይኖቹ ብቻ የሚታዩ፣ ሲሮጥ የሚደናቀፍ ትንሽ ጥቁር አስማተኛ ነው። መጀመሪያ የምናገኘው ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቲያትር ለማየት መጥቶ፣ የያዘው ትኬት ሐሰተኛ መሆኑ ሲነገረው ነው። ቲያትሩን የሚያሳየው ቡድን ደግሞ ልዕልቲቱን ሊጠልፍ የመጣ የሌቦች ቡድን ነው፤ ልዕልቲቱም ራሷ መጠለፍ ትፈልጋለች። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በዚህ ዓይነት ሳቅና ግርግር ያልፋሉ። ከዚያ ዳሊ የምትባል ጸጥ ያለች የገጠር መንደር ይደረሳል። በመንደሯ ሥር ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካው ከጭጋግ ጥቁር አስማተኞችን ለጦርነት ያመርታል፤ የሚመረቱት አሻንጉሊቶች ደግሞ ኮፍያቸውም፣ ዓይናቸውም፣ ቁመናቸውም ቪቪን ይመስላሉ። ቪቪ እነሱ በተጫኑበት የአየር መርከብ ላይ ወጥቶ ሲያናግራቸው አይመልሱለትም፣ ዞረውም አያዩትም። ጠላት በቪቪ ላይ ሲነሳ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ መጥተው በፊቱ ቆሙ፤ በዚያ ግርግርም ሁሉም ከመርከቡ ላይ ረገፉ። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሳቅ እንደ በፊቱ ሊሆን አይችልም።

ከብዙ ጉዞ በኋላ ቪቪ ሌላ አህጉር ላይ፣ በጫካ ውስጥ የተደበቀች የጥቁር አስማተኞች መንደር ያገኛል። እዚህ የሚኖሩት በጦርነት መሐል ድንገት የነቁ፣ የሚያደርጉትን አውቀው የሸሹ ናቸው። ስም ስለሌላቸው በቁጥር ይጠራራሉ። ሱቅ ከፍተዋል፣ መገበያየት ተምረዋል፣ የወፍ እንቁላል እስኪፈለፈል በትዕግሥት የሚጠብቁም አሉ። ከመንደሩ ጀርባ መቃብር አለ። 288 ቁጥር የተባለው ለቪቪ እውነቱን ይነግረዋል፦ ከተሠሩ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አንዳንዶቹ መቆም ጀምረዋል፤ መንቀሳቀሳቸው ይቀርና በቃ ያበቃል። መቃብሩ ዘንድ የቆመው 56 ቁጥር ደግሞ ጓደኛው ለምን ከመሬት በታች እንደተቀመጠ አልገባውም፤ አንድ ቀን ይወጣል ብሎ ይጠብቀዋል። ይህን ንግግር ያነበብኩት በስልክ ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ሞትን ገና የማያውቅ ሰው ሐዘንተኛ ሆኖ ሲቆም እንዲህ በቀላሉ ያሳየኝ ሌላ የቪዲዮ ጌም የለም፤ ጨዋታውን ለልጆች የተሠራ ተረት ነው ለሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰውም ይህንኑ ቦታ ነው።

ደራሲዎቹ በዚህ አላቆሙም፤ ያንኑ ጥያቄ ለክፉው ገጸ ባሕርይም አቀረቡለት። ኩጃ ጦርነቱን ከጀርባ ሆኖ የሚመራ፣ ራሱን እንደ ተዋናይ የሚያይ፣ በውበቱ የሚኮራ ሰው ነው። ለጥቁር አስማተኞቹ ዕድሜያችሁን አረዝምላችኋለሁ ብሎ በሐሰት ተስፋ ያሰለፋቸውም እሱ ነው። ቴራ በምትባለው ሌላ ዓለም ጋርላንድ የሠራው መሣሪያ መሆኑን ያውቃል፤ የማያውቀው የራሱም ዕድሜ የተወሰነ መሆኑን ነው። ያንን በሰማ ጊዜ እኔ ከሌለሁ ዓለም ለምን ይኖራል ብሎ ቴራን ያጠፋታል። ቪቪና ኩጃ ያወቁት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የተሠሩ ናቸው፣ የሁለቱም ጊዜ አጭር ነው። አንደኛው ቀሪውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ለመሆን ተጠቀመበት፤ ሌላኛው ደግሞ ሌሎች ሁሉ አብረውት እንዲያልቁ ፈለገ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዚዳን የኩጃ ምትክ እንዲሆን የተሠራ መሆኑን ሲረዳ ለጥቂት ጊዜ ተሰብሮ ጓደኞቹን ጥሎ ብቻውን ለመሄድ ይነሳል። ጨዋታው በዚያ ቦታ ውጊያዎችን በተከታታይ ያመጣበታል፤ ሊሸነፍ ሲል የገፋቸው ጓደኞች በተራ በተራ እየመጡ ከጎኑ ይቆማሉ። ይህ ትዕይንት በተጫዋቾች ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚወሳው መሆኑ አይደንቀኝም።

መጨረሻ ላይ የሚደረሰው ሜሞሪያ ወደሚባል ቦታ ነው፤ ከትዝታ የተሠራ ስፍራ ነው። ደረጃው፣ ግድግዳው፣ ሰማዩ ሁሉ ያለፈው ነገር ነው። ተጓዦቹ ሲወጡ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ያዩትን፣ እነሱ ሳይወለዱ የሆነውን ጭምር ያያሉ። ማብራሪያው የአንድ ሰው ትዝታ ከአባቶቹ ትዝታ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ የሁሉም ሰንሰለት ወደ ኋላ ቢሳብ ሕይወት ወደ ጀመረበት ወደ ክሪስታሉ እንደሚደርስ ይነግረናል። የድሮው ጨዋታ አራት ጭራቆች የተቀመጡትም እዚሁ ነው። እንግዲህ ሳካጉቺ ክሪስታሉን ወደ መሐል ሲመልሱት ለጌጥ አልመለሱትም፤ የተከታታዩን ጥንት የሕይወት ሁሉ ጥንት አድርገው በታሪኩ ውስጥ አስቀምጠውታል። ለእኔ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ትዝታው ላይ ላዩን የተቀባ ቀለም ቢሆን ኖሮ የማያውቀው ሰው ዘንድ ምንም ባልደረሰ ነበር፤ ታሪኩ ግን የሚጠይቀው ሊያልቅ የተወሰነበት ፍጡር ለምን ያስታውሳል፣ ማንስ ያስታውሰዋል የሚለውን ነው። ይህን ለመረዳት ፋሚኮም መያዝ አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ቀብሮ መመለስ ይበቃል።

መዝጊያው ላይ የቪቪ ቃላት የጓደኞቹን የኋላ ሕይወት ከሚያሳዩ ትዕይንቶች ጋር ተሰናስለው ይቀርባሉ። ቪቪ ሞተ የሚል ዓረፍተ ነገር የለም፤ ቀብርም አይታይም። ያንኑ ኮፍያ ያጠለቁ ልጆቹ ወደ ከተማው ሲመጡ ብቻ እናያለን። ብዙ ተጫዋቾች መጀመሪያ ሲጫወቱ ይህን ሳያስተውሉት እንዳለፉና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲጫወቱ እንደተረዱት ጽፈዋል፤ በ2000 ልጅ የነበረ ሰው ባያስተውለው የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ታሪኩን ብቻ ካወራሁ ጨዋታ መሆኑን የረሳሁ ይመስላል፤ ከጥንካሬዎቹ አንዱ ግን ታሪኩ ወደ ውጊያው ሥርዓት መግባቱ ነው። የንግሥቲቱ ዘብ አለቃ ስታይነር ግትርና ሌሎችን በቀላሉ የማያምን ሰው ነው፤ ለትንሹ ቪቪ ግን ከፍ ያለ አክብሮት አለው። ሁለቱ አብረው ከተሰለፉ ስታይነር የቪቪን እሳት ወይም በረዶ በሰይፉ ላይ አድርጎ ይመታል፤ ቪቪ ከወደቀ ወይም ከቡድኑ ከተለየ ይህ ችሎታ ይጠፋል። ጋርኔት እናቷን ካጣችና ከተማዋ ከፈራረሰች በኋላ ድምፅዋ ይጠፋል፤ በዚያ ወቅት ተጫዋቹ በውጊያ ላይ ሲያዛት ሐሳቧን መሰብሰብ ስለማትችል አንዳንዴ ትእዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል። ተጫዋቹ ሐዘኗን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ አይደለም፤ በሚፈልጋት ሰዓት ሳያገኛት ሲቀርም ያውቀዋል። የትጥቁ አሠራርም ብልህ ነው፦ እያንዳንዱ መሣሪያና ልብስ የሚያስተምረው ችሎታ አለው፤ ለብሶ በበቂ ሁኔታ ሲዋጉበት ችሎታው የራስ ይሆናል፤ ስለዚህ ደካማ የሆነ አሮጌ ሰይፍ እንኳ ቶሎ አይጣልም።

ጉድለቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ እነሱን መደበቅ ለጨዋታው ክብር አይጨምርለትም። ውጊያው ሲጀመር ካሜራው ሜዳውን ዞሮ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ተጫዋቹ ብዙ ይጠብቃል፤ ውጊያው ከተጀመረም በኋላ ዘገምተኛ ነው፤ ጠላት የሚያጋጥመው ደግሞ ድንገትና በተደጋጋሚ ነው። ትራንስ የሚባለው ልዩ ኃይል ጉዳት ሲጠራቀም በራሱ ስለሚነሳና ለሌላ ጊዜ ሊቆጠብ ስለማይችል፣ ደካማ በሆነ ጠላት ላይ ባክኖ ይቀራል። በውስጡ ያለው የመጫወቻ ካርታ (ካርድ) ጨዋታ ሕግ ለብዙዎች እስከ ዛሬ ግልጽ አይደለም። ኤክስካሊበር 2 የተባለውን ሰይፍ ለማግኘት ጨዋታው ከተጀመረ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሜሞሪያ መድረስ ያስፈልጋል፤ ይህ ቀስ ብለህ ተመልከተኝ የሚል ጨዋታ ከሚጠይቀው ነገር ጋር ጨርሶ የሚቃረን ነው። አማራንት የተባለው ገጸ ባሕርይ ዘግይቶ መጥቶ ብዙ ሳይነገርለት ያልፋል። የመጨረሻው ጠላት ኔክሮን ከኩጃ በኋላ ያለ ምንም ዝግጅት ብቅ ይላል፤ ደጋፊዎች ሞትን የሚወክል ነው ብለው ይከራከሩለታል፤ ክርክሩን እረዳዋለሁ፣ ግን አሳማኝ የሚያደርገው ሥራ በጨዋታው ውስጥ አልተሠራም።

አቀባበሉ ሁለት መልክ ነበረው። ተቺዎች ወደዱት፤ ሜታክሪቲክ በሚባለው የግምገማ ድረ ገጽ አማካይ ነጥቡ 94 ነው፤ 7ኛው 92፣ 8ኛው 90 ነበራቸው። ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጧል። ይሁንና ከሁለቱ ቀዳሚዎቹ ያነሰ ነው የተሸጠው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የወጣው በኖቬምበር 2000፣ ፕሌይስቴሽን 2 እዚያ ከገባ በኋላ ነበር፤ 10ኛው ክፍል ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ እየተናገሩ በጁላይ 2001 ጃፓን ውስጥ ወጣ። 9ኛው ለመወራት ያገኘው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነበር ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው ይፋዊ መመሪያ መጽሐፍ እንኳ ሙሉውን መረጃ ከመስጠት ይልቅ በየገጹ አንባቢውን ወደ ኢንተርኔት ይልክ ስለነበር፣ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሰዎች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። ወደ ተከታታዩ በ7ኛው የገቡ ወጣቶች ደግሞ ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸውን ገጸ ባሕርያት አይተው የልጆች ነው ብለው ተዉት።

ፍርዱን የቀየረው ጊዜ ነው። ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ የተባለው የሕዝብ ማሰራጫ በ2020 ስለ ተከታታዩ ባካሄደው ትልቅ የሕዝብ ምርጫ 9ኛው ከ10ኛው፣ ከ7ኛውና ከ6ኛው ቀጥሎ አራተኛ ሆነ። በ2016 ለስልክና ለኮምፒውተር፣ ከዚያም ለሌሎች መሣሪያዎች ሲወጣ እንደ እኔ ያለ፣ ያን ዘመን ያልኖረ ተጫዋች አገኘ። ደጋፊዎች የደበዘዙትን የጀርባ ሥዕሎች በራሳቸው ጊዜ አጥርተው ለኮምፒውተሩ እትም አዘጋጅተዋል። የ2024ቱ የፋይናል ፋንታሲ 14 ማስፋፊያም አሌክሳንድሪያን ስሟን ወርሶ፣ ሙታን በትዝታ ብቻ የሚኖሩበትን ስፍራ ዋና ጉዳዩ አድርጎ 9ኛውን በግልጽ አስታውሷል። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ቀላል ነው፦ በ2000 አሥራ ሁለት ዓመት የነበረው ልጅ አሁን ወላጅ ነው፣ ምናልባትም ወላጁን ቀብሯል፤ ጨዋታው ያኔ ያለው ነገር አሁን ይሰማዋል።

ከእሱ በኋላ ያለፈውን ዘመን ለማስታወስ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች መጥተዋል። በ2016 የወጣው አይ አም ሴትሱና የውጊያ ሥርዓቱን ከ1995ቱ ክሮኖ ትሪገር ወርሶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶ በሸፈነው ዓለም ውስጥ፣ በብቸኛ ፒያኖ ዜማ ታጅቦ ራሷን ለመሥዋዕትነት የምታቀርብ ልጃገረድ ታሪክ ይነግራል። ተጫዋቾች ድባቡን አደነቁ፤ ከተሞቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸውንና ጉዞው አንድ ዓይነት መሆኑን ደግሞ ነቀፉ። እኔም ያንን ነቀፋ እጋራለሁ። ሐዘኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰጥቶ ስላበቃ የሚያድግበት ቦታ አላገኘም፤ እንቁላል እንደሚጠብቁት አስማተኞች ያለ፣ ሊጠፋ የሚያሳዝን ሕይወት በበቂ አላሳየንም። የ2018ቱ ኦክቶፓዝ ትራቨለር ከዚያ የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ የድሮ ሥዕልና የዘመኑ ብርሃን የተጣመሩበት መልኩ ተወዳጅ ሆኖ በጥቂት ሳምንታት አንድ ሚሊዮን ቅጂ አለፈ፤ የውጊያ ሥርዓቱም ከ9ኛው እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ስምንቱ ተጓዦች አንዱ በሌላው ታሪክ ውስጥ እምብዛም አለመኖራቸው ከሁሉ የበረታው ወቀሳ ነበር። ስታይነርንና ቪቪን የለመደ ሰው ይህን ጉድለት ቶሎ ያየዋል።

በአንጻሩ በኤፕሪል 2025 የወጣው ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33 የተሠራው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ግን የጃፓኖቹን በተራ የሚካሄድ ውጊያ ወርሶ፣ በየዓመቱ አንድ ቁጥር ተጽፎ በዚያ ዕድሜ ላይ ያሉት ሁሉ የሚጠፉባት ከተማ ውስጥ ታሪኩን ይጀምራል። በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። የድሮውን ሥርዓት ከጥያቄው ጋር አብሮ የወረሰ ሥራ ያለ ናፍቆትም ተጫዋች እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

9ኛው 25 ዓመት በሞላው ጊዜ የተከታታዩ አሳታሚ ስኩዌር ኤኒክስ የመታሰቢያ ድረ ገጽ ስለከፈተ፣ ተጫዋቾች እንደ 7ኛው ሁሉ ይህም እንደ አዲስ ይሠራ ይሆን እያሉ በጉጉት ይከራከራሉ። 7ኛው በ2020 እና በ2024 በወጡት አዳዲስ ክፍሎቹ ወደ ፈጣን የሩጫና የምት ውጊያ ተቀይሯል። ለ9ኛው ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ውጊያው በተራ ይቆይ፤ አሁን ካለው እጥፍ ይፍጠን፤ ትራንስን ተጫዋቹ በፈለገበት ሰዓት እንዲያስነሳው ይፈቀድለት፤ ኔክሮን ከመምጣቱ በፊት ስለ እሱ የሚነግር ነገር በታሪኩ ውስጥ ይግባ፤ አማራንትም የራሱ ምዕራፍ ይሰጠው። ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ መናገራቸው የማይቀር ከሆነም የጥቁር አስማተኞቹ መንደር ያለ ድምፅ ይተውልን፤ 56 ቁጥር መቃብሩ ዘንድ ቆሞ የሚናገረውን እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ፍጥነት፣ በራሱ ድምፅ ያንብበው።